ታኮ ያልረሳው ሰው

ባለፈው ወር ለእኅቴ ልጅ ደብተር ልገዛ ደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ ወዳለችው የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ገብቼ፣ ደብተሩን ረስቼ ከባለ ሱቁ ጋር ተጣልቼ ወጣሁ። ሰውየው ምንም አላደረገኝም። ያደረገው ነገር ቢኖር ከመደርደሪያው አንድ አዲስ መጽሐፍ አንሥቶ «ይህንንስ አይተውታል? ዛሬ ነው የገባው» ማለቱ ብቻ ነው። የሚያብረቀርቅ ሽፋን አለው፤ ሊማሊሞን በማይመስል ተራራ ላይ አዲስ ነጭ መኪና ቆሟል፤ ከበላዩ «የሊማሊሞው ሾፌር፣ ክፍል ስድስት» ተብሎ ተጽፏል። ተቀበልሁትና ዕድሜዬንም ባለ ሱቁንም ረስቼ፣ መኻሉን ገልጬ አፍንጫዬን ደፋሁበት። ሙጫና ቀለም ሸተተኝ። እንደ ድሮዎቹ ናፍጣ ናፍጣ አይልም። ከዚያ የኋላ ሽፋኑን አነበብሁ፤ «ሁላችንም ያለቀስንለት ጎበዜ በእርግጥ ሞቶ ነበርን?» ይላል። ደሜ ፈላ። የሞተን ሰው ምን ብለው ነው የሚያስነሡት፣ ማንስ ፈቀደላቸው፣ እናንተስ እንዲህ ያለውን ጉድ እንዴት ትሸጣላችሁ ብዬ ምንም በማያውቀው ሰውዬ ላይ ጮኽሁበት። መጽሐፉን ግን ገዝቼ ነው የወጣሁት።

ቤቴ ከደረስሁ በኋላም አልበረደልኝም። የእኅቴ ልጅ ሜሮን ሳቀችብኝ። እሷ በስልኳ የምትከታተለው የውጭ ተከታታይ ፊልም አለ፤ አዲሱ ሲዝን የወጣ ጊዜ አንዷ ገጸ ባሕርይ ፀጉሯን ተቆርጣ ስለመጣች «አበላሹት፣ ጨርሰው አበላሹት» እያለች ሦስት ቀን አኩርፋ ነበር። ያኔ የሳቅሁት እኔ ነበርሁ። አሁን ተራው የኔ ሆነና፣ በቴሌግራም ስለዚሁ ክፍል ስድስት የሚጨቃጨቁ ሰዎች እንዳሉ ስትነግረኝ «እስቲ ጻፊልኝ» ብዬ በኔ ዕድሜ ላለች ሴት የማይገባ ቃል አስጻፍኋት። የመጀመሪያው ደራሲ ካረፈ ቆይቷል፤ ይህን የጻፈው ሌላ ሰው ነው፤ እሱንም ሰደብሁት። ሲነጋ አፈርሁ። ንዴቱ ግን አልወጣልኝም፤ ቁጭ ስል ያስነሣኛል፣ ስነሣ ደግሞ ወዴት ልሄድ እንደተነሣሁ ይጠፋኛል። እንዲህ ስንቆራጠጥ ሰነበትሁና፣ የሚያንቆራጥጠኝ መጽሐፉ እንዳልሆነ ቀስ እያለ ተገለጠልኝ።

ያደግሁት ዳባት ነው። ቤታችን ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚያልፈው መንገድ ዳር ስለነበረ፣ ከባድ መኪና በወጣ በወረደ ቁጥር የእናቴ ብርጭቆዎች ከመደርደሪያው ላይ ይንጫጫሉ፤ የክረምቱ ጉም ሲወርድ ደግሞ መኪናው ሳይታይ ጩኸቱ ብቻ በቤታችን ውስጥ የሚያልፍ ይመስለን ነበር። አባቴ መርጌታ ነው። ጠዋት ለደቀ መዛሙርቱ ዜማ ያስተምራል፤ እኔንም ሴት ልጅ ናት ሳይል ዳዊት አስደግሞኛል። አንድ ፊደል ከጣልሁ ከመጀመሪያው ያስጀምረኛል፤ ሁለተኛ ከጣልሁ ምሳዬ ይዘገያል። በኛ ቤት ስሕተት የግል ጉዳይ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንባቢ ከሳተ፣ ከቆሙት መኻል የሚያውቅ ሰው እዚያው ጮክ ብሎ ያርመዋል፣ አንባቢውም ታርሞ ይቀጥላል፤ የሚቀየም የለም። እኔም የሳተን ሰው ሰምቶ ዝም ማለት ኃጢአት ነው ብዬ ነው ያደግሁት።

ይህ አባቴ ነው እንግዲህ፣ ያ አጥንቱ ድረስ የቤተ ክርስቲያን የሆነው ሰው፣ የልብ ወለድ ሱሰኛ ሆኖ የቀረው። ነገሩ የጀመረው መንገድ ተዘግቶበት ቤታችን ያደረ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር «የሊማሊሞው ሾፌር» የሚል መጽሐፍ ረስቶ ሲሄድ ነው። አባቴ ለማስቀመጥ አነሣው፤ ለማስቀመጥ ብሎ ገለጠው፤ ሳያስቀምጠው ዋለ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ክፍል በወጣ ቁጥር ያው ሾፌር ከጎንደር በካኪ ወረቀት ጠቅልሎ፣ ከመፍቻና ከቅባት ጨርቅ ጋር በዕቃ ሣጥኑ ውስጥ ይዞልን ይመጣል። ስለዚህ በኔ አእምሮ ልብ ወለድ ማለት ናፍጣ ናፍጣ የሚል ነገር ነበር፤ ትምህርት ቤት ገብቼ የማይሸት ልብ ወለድ ሲሰጡኝ ውሸት መስሎኝ ነበር።

ታሪኩ ቀላል ነው። ሾፌር ደምሰው ባለ ተሳቢ መኪናውን ይዞ ሊማሊሞን ይወጣል፣ ይወርዳል፤ በየጉዞው አንድ ጉድ ይገጥመዋል፤ አንዴ የተሰረቀ ጽላት፣ አንዴ የጠፋች ሙሽራ፤ ጉዱን ሳያወጣ አይመለስም። ብልኃተኛው እሱ ቢሆንም የኛ ሰው የሚወደው ረዳቱን ጎበዜን ነበር። ረዳት ቢባልም ፀጉሩ የሸበተ ትልቅ ሰው ነው፤ ኪሱ ከሽምብራ ቆሎ አይለይም፤ ብዙ አይናገርም። መኪናው አቀበት ላይ ሲቆም ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ከጎማው ሥር የሚገባውን ግንድ፣ ታኮውን፣ ይዞ ሁልጊዜ ከሁሉ ቀድሞ የሚወርድ እሱ ነው። ሾፌሩ «ታኮ!» ሲል ታኮው ገብቷል። በአራት መጽሐፍ አንድ ጊዜም አልዘገየም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ከቅዳሴ ተመልሶ ምሳውን ከበላ በኋላ፣ ቤታችን ይሞላል። ሰንበት ስለሆነ የሚፈትል እጅ የለም፣ የሚያርስ የለም፤ ሥራ ያለው ጆሮ ብቻ ነው። አባቴ አትሮኖሱን ያወጣና፣ አዎ፣ ያንኑ ዳዊቱን የሚያነብበትን አትሮኖስ፣ ልብ ወለዱን ይዘረጋበታል። የደብሩ አለቃ ይህን ሰምተው «መርጌታ፣ ምነው?» ብለው ጠይቀውት ነበር ይባላል፤ እሱም «አባታችን፣ አንድ ቀን መጥተው ይስሙት» አላቸው፤ መጡ፤ ከዚያ በኋላ አንድም እሑድ አልቀሩም። አባቴ የሚያነበው ድርሳን እንደሚያነብ ነው፤ ሽጉጥ ሲተኮስ ድምፁን ዝቅ፣ ሾፌሩ ሲያስብ ረገብ፣ ጎበዜ ሲመጣ ደግሞ ከፍ ያደርጋል። አዲስ ክፍል ቢመጣ ወዲያው አይጀመርም፤ ከክፍል አንድ ጀምሮ ያለው ሁሉ ይደገማል። በዚህ የተነሣ ክፍል አራት ሲደርስ የመጀመሪያውን መጽሐፍ በቃሉ የማይወጣው ሰው አልነበረም፤ አባቴ ደክሞት አንድ መስመር ቢያልፍ «መርጌታ፣ ዘለሉ» ይሉታል፣ ይመለሳል። ሾፌሩ «ታኮ!» የሚልበት ቦታ ሲደርስም የሚጮኸው ቤቱ በሙሉ ነው፤ አለቃም ጭምር፣ በዚያ ቀጭን ድምፃቸው።

ደራሲው ግን ሊማሊሞን በዓይኑ ያየው አይመስለኝም። ቁልቁለቱን አቀበት ይለዋል፤ በሌለበት ወንዝ ያፈሳል። ከሰሚዎቹ አንዱ አያ ደሴ የሚባል ገበሬ ነው፤ መንገዱን በእግሩም በበቅሎም ያውቀዋል። «ኧረ እዚያ ጋስ ምንጭ የለም» ሲል፣ አባቴ የመቃ ብዕሩን ከቀለሙ ነክሮ «ምንጭ የለም» ብሎ ከኅዳጉ ላይ ይጽፋል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲነበብ ምንጩ የለም። ይህን ሲያደርግ ደራሲውን የደፈረ አይመስለውም ነበር። በብራና መጽሐፍ መኻል ያደገ ሰው ነውና፣ ለሱ መጽሐፍ ሁሉ በገልባጭ እጅ ሊበላሽ የሚችል፣ ሲበላሽም በሚያውቅ ሰው መታረም ያለበት ነገር ነበር። እኛም ያው እንደሱ ነበርን።

ለምን እንዲያ ሙጭጭ እንዳልንበት ያኔ ማንም ቢጠይቀን አንመልስም ነበር። ዘመኑ ሳይቀየር የሚያድር ነገር ያልነበረበት ዘመን ነው። የትምህርት ቤታችን ስም ሁለት ጊዜ ተቀየረ፤ የቀበሌው ማኅተም ተቀየረ፤ ባለፈው ሳምንት ሰላም ያልነው ሰው በዚህኛው ሳምንት የት እንደገባ አይጠየቅም። መንገዱ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ይዘጋል። በዚያ ሁሉ መኻል እሑድ እሑድ ሄደን በተውነው ቦታ የምናገኘው ሰው አንድ ጎበዜ ብቻ ነበር፤ ቆሎው በኪሱ፣ ታኮው በእጁ።

ከሁላችንም ይልቅ ለእትዬ ብርቄ። እትዬ ብርቄ ጎረቤታችን ናት፤ እትዬ እያልሁ ብጠራትም አንች ነበር የምላት፤ ብትበልጠኝ አሥራ አምስት ዓመት ነው። ባሏ ሙላት እውነተኛ የከባድ መኪና ረዳት ነበር። ጭነት ይዘን ወደ ሽሬ እንወርዳለን ብሎ አንድ ማለዳ ወጣ፤ መኪናውም ሾፌሩም እሱም አልተመለሱም። ሞተ ብሎ የነገራት የለም፤ አለ ብሎም የነገራት የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ጥቁር አልለበሰችም፤ ሹሩባዋን ተሠርታ፣ ነጭ ለብሳ፣ ቤቷን ጠርጋ ትቀመጣለች። አያ ደሴ፣ ያ ምንጩን ያደረቀው፣ የሙላት ታላቅ ወንድም ነው። እሱ ደግሞ የወንድሜ ነፍስ ተንከራተተች፣ ተዝካሩ ይውጣለት እያለ አባቴን ይጨቀጭቀዋል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ማልቀስ ቸኩሎ ነው፤ ሚስቲቱ ሳታለቅስ እሱ በየት በኩል ያልቅስ? አባቴ ግን «መርዶ ሳይኖር ተዝካር የለም፣ አያ ደሴ» እያለ ይመልሰዋል። መርዶ ማለት ዘመድ ተጠርቶ፣ ሽማግሌዎች ማለዳ ቤቷ ድረስ ሄደው፣ አስቀምጠዋት የሚናገሩት ቃል ነው። ያን ቃል የሚናገር ሰው አልተገኘም።

እትዬ ብርቄ ከበሩ አጠገብ ትቀመጥና፣ ጎበዜ ብቅ ባለ ቁጥር ነጠላዋን ከአፏ ዝቅ ታደርጋለች። አንድ እሑድ «ሙላትም እኮ እንዲሁ ኪሱ ከቆሎ ተለይቶ አያውቅም» ብላ ለእናቴ ስትነግራት ሰምቻለሁ። ነበር አላለችም። ምን እያሰበች እንደምታዳምጥ ቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አውቅ ነበር። ልጅ ነበርሁ፣ አላውቅም ነበር ብል ይቀለኝ ነበር።

ክፍል አምስት የመጣው አባቴ ለማርያም ንግሥ ደረስጌ በሄደበት ሰሞን ነው። ያ መጽሐፍ የሚያመጣልን ሾፌር ጥቅሉን ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮት ለኔ አቀበለኝ። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። መጠቅለያውን ቀስ ብዬ ፈታሁ፤ ብቻ ሽፋኑን አይቼ እመልሰዋለሁ አልሁ፤ በሁለት ቀን ጨረስሁት። ከመጽሐፉ መኻል ላይ መኪናው ይበላሽና ጎበዜ ከሥሩ ይገባል፤ ታኮ አላስገባም። መኪናው ተንሸራተተበት። ከዚያ ወዲያ ያለው ገጽ ሁሉ ለቅሶ ነው፤ ሾፌር ደምሰው በገዛ እጁ ይቀብረዋል፣ መኪናውን ይሸጣል፣ ታሪኩም እዚያ ያልቃል። አለቀስሁ። አልቅሼ ስጨርስ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ኮራሁ፤ ከዳባት ሰው ሁሉ ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ። ጥቅሉን እንደነበረ አድርጌ መለስሁት።

አባቴ ተመልሶ ባነበበው ቀን ምሳውን አልበላም። በማግስቱ ከጓሮ ምላጭ ይዞ፣ መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አገኘሁት። በብራና ላይ የተሳተ ቃል በምላጭ ይፋቅና ትክክለኛው ከበላዩ ይጻፋል፤ እሱም ያንኑ ሊያደርግ ሞክሯል፤ የማተሚያ ቤት ወረቀት ግን ብራና አይደለምና ተቀድዶበታል። ያን ትቶ ዱቄት በጥብጦ ሙጫ ሠራ፤ ወረቀት እየቆረጠ ይለጥፍና በመቃው ይጽፍበታል።

«ምን እያደረጉ ነው?» አልሁት።

«የጸሐፊ ስሕተት ነው» አለኝ ቀና ሳይል። «አራት መጽሐፍ ሙሉ ታኮ ያልረሳ ሰው በአምስተኛው ይረሳል? እንዴት ተደርጎ! ደራሲው ደክሞት ነው የጻፈው።»

ለእትዬ ብርቄ ብዬ ነው አላለኝም። ለእሷ አዝኖ ይሁን፣ ወይስ እሱ ራሱ የጎበዜን ሞት አልቀበልም ብሎ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ሁለቱም ይመስለኛል። ሥራው ግን እንዳሰበው ቀላል አልሆነለትም፤ ጎበዜን ከመኪናው ሥር በደኅና ማውጣት አንድ ልጣፊ ነው፣ ያን ሁሉ ለቀስተኛ ግን የት ያድርሰው? አስቦ አስቦ ወደ ሠርግ ቀየራቸው። ድንኳኑ የሠርግ ድንኳን ሆነ፣ ሙሾ አውራጇ ዘፈን አውጪ ሆነች፣ ንፍሮው ጠጅ ሆነ። አራት ቀን ሙሉ ከጓሮ አልወጣም። መጽሐፉ በልጣፊ አብጦ አልዘጋ ስላለ ድንጋይ ጫነበት። እናቴ ያለችው «ዱቄቴን ጨረስኸው» ብቻ ነው።

እኔ ግን ታምሜ ነበር ማለት ይቻላል። አንድ ፊደል ስጥል ምሳዬን የሚያዘገየኝ ሰው መጽሐፍ ሙሉ ሲጥል እያየሁ መቀመጥ አቃተኝ። እገባለሁ፣ እወጣለሁ፤ ልናገር እልና አፌን እይዛለሁ። ማንን እንደሚጎዳ አላሰብሁም፤ ያሰብሁት ልክ ማን እንደሆነ ብቻ ነው።

አዲሱ ክፍል የሚነበብበት እሑድ መጣ። ቤቱ ከወትሮው ይልቅ ሞላ፤ አራቱ ክፍሎች ባለፉት ሳምንታት ተደግመው አልቀዋልና ሰው ሁሉ አዲሱን ለመስማት ቋምጧል። አባቴ በዚያ ድምፁ ጀመረ። ጎበዜ ከመኪናው ሥር ሲገባ ቤቱ በሙሉ «ታኮ!» አለ፤ አባቴም ልጣፊው ላይ «ታኮውንም አጥብቆ አስገባ፤ ጎማውንም አየ፤ እጁንም ጠርጎ በደኅና ወጣ» ብሎ አነበበ። እትዬ ብርቄ ነጠላዋን ከአፏ ዝቅ አደረገች። ከዚያ ሠርጉ መጣ። አባቴ ግን ከለቅሶው መኻል አንድ መስመር ሳያየው አልፏል፤ ዘፈኑ ደርቶ፣ ጠጁ እየተቀዳ ሳለ «ሾፌር ደምሰው ግን ፊቱን ወደ ገደሉ መልሶ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ» የሚል ተነበበ።

«ምነው በሠርግ ያለቅሳል?» አለ አያ ደሴ።

አባቴ ተንተባተበ። በሕይወቴ ሲንተባተብ ሰምቼው አላውቅም። ያን ጊዜ ነው የተነሣሁት።

«እንዲያ አይልም!» አልሁ። «ሠርግ አይደለም፣ ለቅሶ ነው። ጎበዜ ሞቷል።»

እዚያው ሄጄ የልጣፊውን ጫፍ በጥፍሬ አነሣሁት፤ ከሥሩ ኅትመቱ ታየ። የተጻፈውን በቃሌ ወጣሁላቸው፣ አንድ ፊደል ሳልጥል። አያ ደሴ ተነሥቶ «ሐሰት ነው!» ብሎ ጮኸ፤ «ለአራት መጽሐፍ ታኮ ያልረሳ ሰው! አልቀበልም እኔ!» አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ወንድሜ ሞቷል፣ ተዝካሩን አውጡልኝ ሲል የኖረ ሰው የልብ ወለዱን ረዳት አላስገድልም ብሎ የግንባሩ ሥር ተገታተረ። አለቃም «እኔም አልቀበልም» አሉ። ጫጫታ ሆነ። ሰው ሁሉ ይናገራል፣ ሁሉም ደራሲውን ይራገማል።

እትዬ ብርቄ ብቻ አልጮኸችም። «አስካል» አለችኝ፣ «እንዴት ነው የሞተው?»

ነገርኋት።

«ማን ቀበረው?»

«ሾፌሩ፣ በእጁ።»

«እንግዲያስ ተቀብሯል» አለችና ተነሣች፤ ነጠላዋን አስተካክላ፣ አባቴን «መርጌታ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ወጣች።

በሦስተኛው ቀን ጥቁር ለብሳ አየናት። ተዝካሩ ከፍልሰታ በፊት ወጣ፤ አያ ደሴ እንደ ልጅ አለቀሰ፤ አባቴ ፍትሐቱን መራ። ሰው ከዚያ ወዲህ ቤታችን አልተሰበሰበም፤ ማንም ንባቡ ይቁም አላለም፣ ብቻ በሚቀጥለው እሑድ የመጣ ሰው አልነበረም፣ አባቴም አትሮኖሱን አላወጣም። እኔን አልቆጣኝም። ቢቆጣኝ እመርጥ ነበር። የዚያን ዕለት እንግዶቹ ሲሄዱ አጠገቤ መጥቶ «ልክ ነሽ፤ እንዲያ አይልም» አለኝና የልጣፊውን ፍርፋሪ ከመሬት ለቀመ። እትዬ ብርቄ በዓመቱ ወደ እኅቷ ድብ ባሕር ሄደች። ከሙላት ዛሬም ድረስ አንድ ቃል አልመጣም፤ ሙላት ሞተ ብሎ ለእሷ የነገራት ሰው ቢኖር፣ ያውም በጎበዜ ስም፣ እኔ ብቻ ነኝ። ሽማግሌ ያልደፈረውን መርዶ በጠራራ ፀሐይ፣ በእሑድ፣ ልክ ለመሆን ብዬ ተናገርሁት።

የሰሞኑ ንዴቴ እንግዲህ ይህ ነው። ሰዎች በቴሌግራም «የገጸ ባሕርይውን ክብር አረከሱት» ይላሉ፤ ሜሮን «ታሪኩ ይጣረሳል» ትላለች፤ እኔም እንደነሱ ለመጽሐፉ የተቆጣሁ መስሎኝ ነበር። ሰው የሚወደው ታሪክ ሲነካበት እንዲህ የሚሆነው ለታሪኩ አስቦ አይመስለኝም። ታሪኩ እንዲህ ነው ብሎ አምኖ የኖረበት፣ የከፈለበት ነገር ስላለ ነው። እኔ «ሞቷል» የሚለው በማተሚያ ቤት ቀለም የተጻፈ ቃል ስለነበረ ብቻ ነው አባቴን በሰው ፊት ያሳፈርሁት፣ አንዲትን ሴት ጥቁር ያለበስሁት። ጎበዜ እውነት ካልሞተ የአባቴ ልጣፊ ልክ ነበር። እኔ ደግሞ አራሚ አይደለሁም፣ ያልሞተን ሰው የቀበርሁ ነኝ። ይህን በአንድ የሚያብረቀርቅ ሽፋን ጀርባ ላይ እንዲነግሩኝ አልፈለግሁም። አባቴ ካረፈ ቆይቷል፤ አያ ደሴም የለም፤ ያ ቤት አሁን የብሎኬት ሱቅ ነው። ያን መጽሐፍ ከኔ እኩል የሚያውቅ፣ ዘለልሽ የሚለኝ ሰው ከዳባት እስከ ደባርቅ ባፈላልግ አላገኝም።

አንድ ሰው ብቻ ቀርታለች። ባለፈው ሐሙስ መጽሐፉን በቦርሳዬ ይዤ ወደ ድብ ባሕር ተሳፈርሁ። በሊማሊሞ በየመጠምጠሚያው እመለሳለሁ እያልሁ፣ በየመጠምጠሚያው ለምን እንደምሄድ እየጠፋኝ ነው የደረስሁት። ከእኅቷ ልጅ ቤት፣ ከበሩ ላይ በርጩማ ተቀምጣ አገኘኋት። አርጅታለች፤ ዓይኗ ደክሟል። ጥቁሩን አላወለቀችም፤ ከእጥበት ብዛት ቡናማ ሆኗል። ድምፄን ስትሰማ «የመርጌታ ልጅ ነሽ? አስካል? ኧረ ምነው እንዲህ ጠፋሽሳ!» ብላ ሳመችኝ፣ ደግማ ሳመችኝ። ስለ አባቴ ጠየቀችኝ፣ ስለ እናቴ፣ ስለ አለቃ፤ ሁሉም ማረፋቸውን ታውቃለች፣ ግን ጠየቀችኝ። እኔም ለይቅርታ ያዘጋጀሁት ቃል ሁሉ ጠፋኝና መጽሐፉን አወጣሁ።

«ያ መጽሐፍ ነው? ጎበዜ ያለበት?» አለችኝ።

«አዎ። አዲስ ክፍል ወጥቷል።»

«እስቲ አንብቢልኝ» አለችና ነጠላዋን ከአፏ ዝቅ አደረገች።

ዘልዬ ማንበብ እችል ነበር። ማንም «ዘለልሽ» አይለኝም። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጣፊ፣ መቃና ዱቄት ተመኘሁ፤ ግን ምን ብዬ እንደምለጥፍ አላወቅሁም። ሞቷል ብዬ ባነብላት ሁለተኛ መቅበሬ ነው። አለ ብዬ ባነብላት ደግሞ የዚህን ሁሉ ዓመት ልብሷን ምን እላታለሁ? ስለዚህ እንደ ተጻፈው አነበብሁላት። መኪናው ሲንሸራተት ወደ ገደል የወደቀው ጎበዜ ከገደሉ ሥር ሕይወቱ ሳያልፍ መገኘቱን፣ እረኞች አንሥተው እንዳስታመሙት፣ ሾፌሩ የቀበረው ሌላ ሰው እንደነበረ፣ ድኖ ወደ ቤቱ ሊመለስ መንገድ ሲጀምር ማንም እንደማይጠብቀው እንዳልጠረጠረ፣ ሁሉንም አንድ ፊደል ሳልጥል አነበብሁት። በአባቴ ድምፅ ነበር የማነበው፤ መኻል ላይ ነው ያወቅሁት።

ስጨርስ እትዬ ብርቄ በጉልበቷ ላይ ያለውን ጥቁር ጨርቅ በመዳፏ እየደጋገመች ስታስተካክል ቆየችና፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ ሳትቆጣም፣ ወደኔ ዞር ብላ፦

«አሁን ነው የምትነግሪኝ?» አለችኝ።